አሮጌ የኮምፒዩተር ሣጥን ስለ ማናፈስና ስለ ማሳመር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፤ የሳይንስ ክበብ አባል በሆነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)





ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ከዚህ ተምረው ወጥተው አገራቸውን ስላገለገሉ ሰዎች ብዙ ቁም ነገር አሰምተውናል። እኔ የምናገረው ግን ስለ አንድ ሣጥን ነው። በስተግራዬ በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ሰማያዊ ነገር የኮምፒዩተር ሣጥን ነው። ከስምንት ወር በፊት ይህ ሣጥን መልኩ እንደ አሮጌ ወረቀት ቢጫ ሆኖ፥ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ ተጥሎ፥ ለቁራሌው የሚሸጥበትን ቀን ይጠባበቅ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ እንዴት ከዚህ እንደ ደረሰ፤ በመካከሉም እኔ ምን ጥፋት እንዳጠፋሁና ከጥፋቴ ምን እንደ ተማርኩ እንድናገር እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ወር ነው። የክበባችን መምህር ወደ ግምጃ ቤቱ ወስደውን ሁለት ኮምፒዩተሮች አሳዩን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሕመማቸውም አንድ ዓይነት ነበር። ሥራ ከጀመሩ ከ15 ደቂቃ በኋላ በራሳቸው ጊዜ ይጠፋሉ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ደግሞ በአንድ ማሽን ፊት ሁለት ሦስት ተማሪ ሆነን እንደምንቀመጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠቱን ሁላችንም ሰምተናል። ጣቱን ከፊደል ገበታው ጋር ያላለማመደ ተማሪ መልሱን እያወቀው ሰዓቱ ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ መምህራችን «እነዚህን ሁለቱን ካዳናችኋቸው ከክፍሉ እንዲገቡ ዲሬክተሩን እጠይቃለሁ» ብለው ተስፋ ሰጡን። እኛም አምስት ሆነን ሥራውን ጀመርን። አለቃ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ከዕውቀቴ የተነሣ ሳይሆን ካቻቢቴ ያለኝ እኔ ብቻ ስለ ነበርኩ ነው።

አሁን ኮምፒዩተር ስለምን እንደሚሞቅ ባጭሩ ልግለጽ። ኮምፒዩተር ከግድግዳው የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጨረሻው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ይሆናል። 100 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር በሣጥን ውስጥ እንደ ተቆለፈ የ100 ዋት አምፑል ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም ሙቀት ብዙው የሚወጣው ፕሮሰሰር ከሚባለው ትንሽ ክፍል ነው። በላዩ ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው አሉሚኒየምና አንድ ማራገቢያ ተቀምጠውለታል። ይሁን እንጂ ያ ማራገቢያ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ አንሥቶ በሣጥኑ ውስጥ ይበትነዋል እንጂ ከሣጥኑ አያስወጣውም። በርና መስኮቱን ዘግቶ እሳት የሚያነድ ሰው ጭሱን በሰፌድ ቢያራግበው፤ ጭሱ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል እንጂ አይወጣለትም። ለማስወጣት በአንድ በኩል መግቢያ፥ በሌላው በኩል መውጫ ያስፈልጋል።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ፕሮሰሰሩ በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያም ካለፈ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። እንግዲህ የእኛ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ታፍነው ነበር እንጂ አልታመሙም ነበር።

እኛ ግን ይህን ከመረዳታችን በፊት ለማሳመር ተጣደፍን። የአንደኛው ሣጥን ፊቱ ቢጫ ሆኖ ስላስጠላን፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፕላስቲክ በልኩ ቆርጠን ከፊት ለፊቱ ለጠፍንበት፤ በላዩም የትምህርት ቤታችንን ዓርማ በነጭ ቀለም ሣልንበት። በእውነቱ የሚያምር ሆነ። ተማሪዎችም እየመጡ አደነቁልን። በማግስቱ ብናስነሣው ግን ቀድሞ 15 ደቂቃ ይሠራ የነበረው ኮምፒዩተር በ9 ደቂቃ ጠፋ። ጌጡ 6 ደቂቃ አስከፈለን ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ መምህራችን መጥተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን። «አየሩ በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?» አሉን። ከአምስታችን አንዳችንም መመለስ አልቻልንም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመርን።

አንዱ ጓደኛችን ከቤቱ ሰንደል አመጣ። ኮምፒዩተሩን አስነሥተን የሰንደሉን ጭስ ከፊት ለፊቱ ብንይዘው፤ ጭሱ ምንም እንዳልነካው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከጀርባው በኩል ብንይዘው ግን ካርድ ከሚገባባቸው ክፍት ሽንቁሮች እየተሳበ ገባና፤ ወዲያውኑ በአጠገቡ ባለው ማራገቢያ ተመልሶ ወጣ። ማራገቢያው በጉያው ያለውን አየር ይስብና ያንኑ መልሶ ይተፋዋል። ፕሮሰሰሩ ካለበት ቦታ የሚደርስ አዲስ አየር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ፕላስቲኩን አንሥተን የሣጥኑን ፊት ፈታን። ከስሩ ባለው ላሜራ ላይ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ብንቆጥራቸው 96 ሆኑ፤ የእያንዳንዱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 4 ሚሊ ሜትር ነው። የክብን ስፋት ማስላት ሁላችንም ስለ ተማርን ብናሰላው፤ ሁሉም በአንድነት 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው። በጀርባ ያለው ባለ 80 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ግን 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ይህ ማለት አንድን ሰው በቀሰም እየተነፈሰ ዳገት እንዲሮጥ ማዘዝ ነው። እኛም በጌጡ ፕላስቲክ የቀሰሙን አፍ ደፍነንበት ኖሯል።

እንግዲህ ከፊት ለፊቱ ትልቅ መስኮት ለመክፈትና ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ለማስገባት ወሰንን። 120 ከ80 የሚበልጠው በአንድ ተኩል እጥፍ ቢሆንም፤ የክብ ስፋት በቁመቱ ካሬ ስለሚያድግ ማራገቢያው የሚሸፍነው ስፋት 2.25 እጥፍ ነው። ስለዚህ ትልቁ ማራገቢያ ቀስ ብሎ እየዞረ ከትንሹ እኩል አየር ይገፋል፤ ድምፁም ያነሰ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰኞ ለክበቡ ለማሳየት ስለ ቸኮልኩ ጓደኞቼ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። ማዘርቦርዱን ለማውጣት ብዙ ብሎንና ገመድ መፍታት ያስፈልጋል። እኔም «በጋዜጣ ብሸፍነው ይበቃል» ብዬ፤ ማዘርቦርዱ በውስጡ እንዳለ ላሜራውን በድሪል በሳሁት። ከጨረስኩ በኋላ በአፌ እፍ እፍ አልኩበትና ሰካሁት። ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ በኋላ ያ ኮምፒዩተር አልተነሣም። እንደ ዱቄት የላመው የብረት ብናኝ ከጋዜጣው ሥር ገብቶ፤ መገናኘት የሌለባቸውን የኤሌክትሪክ መንገዶች አገናኝቷቸው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ ለመልቀም እንኳ አልቻልኩም።

ከዚህ የባሰው ጥፋቴ ሰኞ የሠራሁት ነው። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ «ድሮም የተበላሸ ነበር» አልኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ቃል ቆየሁ። ረቡዕ ዕለት ከእኛ ሁሉ ታናሽ የሆነች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ማዘርቦርዱን አውጥታ፤ በነጭ ወረቀት ላይ ገልብጣ መታ መታ አደረገችው። ብናኙ በወረቀቱ ላይ ወረደ። ምንም ቃል አልተናገረችም፤ ወረቀቱን በፊቴ አስቀመጠችውና ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሄጄ ለመምህራችን ነገርኳቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም። «ስንት ኮምፒዩተር ነበረን?» አሉኝ። «ሁለት» አልኩ። «አሁንስ?» አሉኝ። «አንድ» ብዬ መለስኩ። «እንግዲያው ሂሳቡን አውቀኸዋል፤ ሂድና የቀረውን በደንብ ሥራ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ሁሉ በሁለተኛው ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ነው።

ይህንን ሥራ መሥራት ለሚፈልግ ሰው አሠራራችንን በተራ እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማውጣት ነው። ብሎኖቹን በክብሪት ቀፎ እየለዩ፥ የየት እንደ ሆኑ በላዩ ላይ ቢጽፉበት በኋላ ግራ አያጋባም። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ የተባለውን ክፍል ግን ከሣጥኑ ያወጡታል እንጂ ፈጽሞ አይከፍቱትም፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ለአደጋ የሚያደርስ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላልና።

ሁለተኛ፤ ልኩን በወረቀት መሣል ነው። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ አራቱ የብሎን ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው በ105 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በመካከሉ በኮምፓስ 114 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሣልን፤ ወረቀቱንም በላሜራው ላይ ለጠፍነው። በዚህም 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው መግቢያ 102 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ሦስተኛ፤ መቁረጥ ነው። ይህን የሠራነው በሠፈራችን ካለ ጋራዥ ነው፤ ባለቤቱም የዓይን መከላከያ መነጽርና የቆዳ ጓንት ሳናደርግ ድሪሉን አላስነካንም። በክቡ ዙሪያ ቀዳዳዎችን አቀራርበን በሳን፤ በመካከላቸው ያለውን በብረት መጋዝ ቆረጥን፤ ከዚያም ጠርዙን በሞረድ አለሰለስነው። ገመድ እንዳይቆርጥም ቀጭን የጎማ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቀን ጠርዙን አለበስነው።

አራተኛ፤ ባዶውን ሣጥን በውኃና በሳሙና አጥበን በፀሐይ አደረቅነው። ከዚያም ነጭ ጨርቅ አሸንበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድረስ ደጋግመን ጠረግነው። የመጨረሻውን ጨርቅ ለመምህራችን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

አምስተኛ፤ የፊቱን ፕላስቲክ በመካከሉ ቆርጠን የሽቦ ወንፊት አገባንበት፤ ከወንፊቱም በስተኋላ አቧራ እንዲያጠልል አሮጌ ስቶኪንግ በሽቦ ላይ ወጥረን አደረግን። በበጋ ወራት በየወሩ ካልታጠበ አቧራው ራሱ ክዳን ይሆናል።

ስድስተኛ፤ በጀርባ ያሉትን ክፍት ሽንቁሮች በላሜራ ዘጋን። የተዘበራረቁትንም ገመዶች በአንድ ወገን ሰብስበን አሰርናቸው። የፊተኛው ማራገቢያ ወደ ውስጥ፥ የኋለኛው ወደ ውጭ እንዲነፍስ አደረግን። የፊተኛው ከኋለኛው በርታ ያለ ስለ ሆነ፤ በውስጥ ያለው አየር ከውጭው ጥቂት ይገፋል፤ ስለዚህ አቧራ በየስንጥቁ አይገባም። በፕሮሰሰሩና በአሉሚኒየሙ መካከል ያለውም ቅባት ከዕድሜ ብዛት ደርቆ ስለ ነበር አሮጌውን ጠርገን በአዲስ ተካነው።

ሰባተኛ፤ ማሳመር ነው። ይህ የመጨረሻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት አሽተን፥ ዝገት የሚከላከል ቀለም ቀድመን፥ በላዩ ሰማያዊውን ቀለም ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርገን ረጨንበት። ማዘርቦርዱ በብሎን የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ግን ቀለም እንዳይነካቸው ሸፈንናቸው፤ ብረት ከብረት እንዲገናኝ ያስፈልጋልና። የትምህርት ቤታችንንም ዓርማ ከወንፊቱ በላይ፤ አየር ከማይዘጋበት ቦታ ሣልነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ጠባይ የሚመለከት አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሥራ የተጻፉት ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰሉት በባሕር ወለል ላይ ባለው አየር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ ያለው አየር ስስ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም፤ የሚገፋው አየር ሙቀት የመሸከም ኃይሉ ያነሰ ነው። 100 ዋት ሙቀት ባለበት ሣጥን ውስጥ በየሰኮንዱ 10 ሊትር አየር ቢያልፍ፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ 8 ዲግሪ ያህል፤ በአዲስ አበባ ግን 11 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ በደጋ የሚኖር ሰው መስኮቱን ሰፋ አድርጎ መክፈት አለበት።

ሥራችን ካለቀ በኋላ ሰንደሉን እንደ ገና አጨስን። ጭሱ በፊት ወንፊት እየተሳበ ገባ፤ በጀርባም ወጣ። በዚያን ጊዜ ያጨበጨብነውን ጭብጨባ የጥበቃው ዘበኛ ሰምተው ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። ቀድሞ የፕሮሰሰሩ ሙቀት 96 ዲግሪ ደርሶ ይጠፋ ነበር፤ አሁን በዚያው ሥራ፥ በዚያው ክፍል ውስጥ ከ67 ዲግሪ አላለፈም። 3 ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜም ሳይጠፋ ሠራ። ከመጋቢት ወር ጀምሮ በኮምፒዩተር ክፍላችን በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ተማሪዎች እየሠሩበት ነው። ለዛሬው በዓል ብቻ ተውሰን አመጣነው።

ማዘርቦርዱ አንድ ቀን ቢያረጅ እንኳ ሣጥኑ አብሮ አይጣልም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በእ.ኤ.አ. 1995 ኤ.ቲ.ኤክስ. የሚባለውን የልክ ደንብ ካወጣ ወዲህ፤ በዚህ ደንብ የተሠሩ ማዘርቦርዶች የብሎን ቦታቸው የታወቀ ነው። ሣጥናችንም በዚያ ልክ የተሠራ ስለ ሆነ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች አዲስ ማዘርቦርድ ሊያገቡበት ይችላሉ። ለቁራሌው ሊሰጥ የነበረው ሣጥን ከእኛ ይልቅ በዚህ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ሳይኖር አይቀርም።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ስለዚያ ሂሳብ መናገር አለብኝ። በጠረጴዛው ላይ መታየት የነበረባቸው ሁለት ሣጥኖች ናቸው፤ እናንተ የምታዩት ግን አንድ ነው። ነገ ጧት በኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ተራውን ቆሞ ከሚጠብቅ ተማሪ አንዱ የሚቆመው በእኔ ችኮላ ነው። ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ስለማላውቀውም ሁላችሁንም በዚህ በበዓል ቀን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕዳዬን ለመክፈል በሚመጣው ክረምት በአንድ የጥገና ሱቅ እየሠራሁ፤ ለቀረው ሣጥን የሚሆን አሮጌ ማዘርቦርድ ለመግዛት አስቤአለሁ። ሁለተኛውም ሣጥን ያኔ ይከፈታል። ከመብሳቴ በፊት ግን ማዘርቦርዱ በውስጡ አይኖርም፤ ወረቀቷን በፊቴ ያስቀመጠችው ጓደኛዬም ሥራውን እንድትመረምርልኝ ለምኛት እሺ ብላኛለች።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ነገር ይህ ነው። ማሳመር መልካም ነው፤ እኛም አሳምረናል። ነገር ግን አንድን ነገር ከማስጌጣችን በፊት በየት እንደሚተነፍስ ብንጠይቅ፤ ውበቱም ሥራውም አብረው ይገኛሉ። ያጠፋ ሰውም ጥፋቱን አፍኖ ከያዘው እንደዚያ ሣጥን ውስጥ ውስጡን ይሞቃል እንጂ አይበርድለትም።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዘመን ይኑርልን።